ጎማ ከተቀየረ በኋላ የምትበራው ቢጫ መብራት፦ ከየት ይጀመራል?

ጎማ ወይም ቸርኬ ተቀይሯል፣ መኪናው ተነስቷል፣ ሁሉም ሰላም ነው። ትንሽ እንደተነዳ ግን ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቢጫ ምልክት ቦግ ትላለች። ከላይ አፉ የተከፈተ፣ ከታች ጥርስ ጥርስ ያለው የጎማ ቅርጽ ናት፤ መሃሏ ላይ ቃለ አጋኖ አለ። የጎማ ንፋስ መቆጣጠሪያው መብራት ናት። ባለሙያዎች ሥርዓቱን በአጭሩ ቲፒኤምኤስ ይሉታል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ «ትብራ፣ ምን ታመጣለች» ብሎ ይተዋታል፤ ወይ ሪሴት የሚል ቁልፍ ፈልጎ እስክትጠፋ ድረስ ይጫናል። ሁለቱም አያዋጣም። ሪሴት መጫን ጎማ አይነፋም፤ መኪናው የማያውቀውን ሴንሰር፣ ማለትም ጎማው ውስጥ ተቀምጦ ግፊቱን የሚለካውን ትንሽ መሣሪያም አያስተዋውቅም። ሥራው ቅደም ተከተል አለው፤ እሱን ከጠበቁ ደግሞ ጋራዥ ሳይሄዱ የሚያልቅበት ጊዜ ብዙ ነው።

1. መጀመሪያ መብራቷን ያንብቡ

መኪናውን ሲያስነሱ ዳሽቦርዱን ልብ ብለው ይዩት። ሁሉም መብራቶች ለጥቂት ሴኮንዶች በርተው ይጠፋሉ፤ ይሄ አምፖሎቹ መሥራታቸውን ማረጋገጫ ነው፣ አያስጨንቅም። ቁም ነገሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

መብራቷ ሳትንቀጠቀጥ በርታ ከቀረች፣ ሥርዓቱ እየሠራ ነው፤ ቢያንስ የአንድ ጎማ ንፋስ ወርዷል እያለች ነው። ለአንድ ደቂቃ ወይም ለአንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ብልጭ ድርግም ብላ ከዚያ በርታ ከቀረች ግን ነገሩ ሌላ ነው። መኪናው ከአንዱ ወይም ከሁሉም ሴንሰሮች ድምፅ አጥቷል ማለት ነው። ጎማ እና ቸርኬ ከተቀየረ በኋላ የሚያጋጥመው በአብዛኛው ይሄኛው ነው። በአንዳንድ መኪኖች ላይ በብልጭታው ፈንታ ጽሑፍ ይመጣል፤ ወይም የጎማው ቁጥር ሊታይ በሚገባበት ቦታ ሰረዝ ብቻ ይቀመጣል። ትርጉሙ ያው ነው።

ልዩነቱን ካወቁ ግማሹን መንገድ ሄደዋል። በርታ ለምትቀር መብራት ሴንሰር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ለምትንቀጠቀጥ መብራት ደግሞ ንፋስ ቢሞሉ ቢሞሉ ለውጥ የለም።

2. ንፋሱን ይለኩ፣ የስኮርታውንም ጭምር

መብራቷ የትኛዋም ብትሆን ይሄን ደረጃ አይዝለሉት። ጎማ የቀየረልዎ ሰው «ሞልቼዋለሁ» ቢልዎትም ራስዎ ይለኩ። አዲስ ጎማ በቸርኬው ላይ ገጥሞ እንዲቀመጥ ሲባል በከፍተኛ ግፊት ይነፋል። ከዚያ ወደ ልኩ ማውረድ ያስፈልጋል፤ ሥራ ሲበዛ ይሄ የመጨረሻው እርምጃ ይረሳል። አንዱ ጎማ 40፣ ሌላው 28 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ሆኖ የሚወጣ መኪና ብርቅ አይደለም።

ልኩ የሚጻፈው በሾፌሩ በር መቃን ላይ ባለች ትንሽ ተለጣፊ ወረቀት ነው። ጎማው ጎን ላይ የተቀረጸው ቁጥር ጎማው የሚሸከመውን ከፍተኛ ግፊት ነው የሚናገረው፤ የመኪናዎ ልክ አይደለም። እነዚህን ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው። ተለጣፊው ላይ ለፊትና ለኋላ የተለያየ ቁጥር ሊኖር ይችላል፤ ለሙሉ ጭነት ደግሞ ለብቻው ይጻፋል። መለኪያው በባር ከሆነና ወረቀቱ በፒኤስአይ ከሆነ፣ 1 ባር ወደ 14.5 ፒኤስአይ ገደማ ነው፤ 100 ኪሎ ፓስካል ማለትም ነው። 32 ፒኤስአይ የሚል መኪና እንግዲህ 2.2 ባር ወይም 220 ኪሎ ፓስካል ይፈልጋል።

የሚለካው ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው። መኪናው ቢያንስ ለ3 ሰዓት ቆሞ ከነበረ ቀዝቃዛ ነው ይባላል። ሲነዳ ጎማው ይሞቃል፣ ግፊቱም በጥቂት ፒኤስአይ ይጨምራል። ስለዚህ ከመንገድ እንደገቡ ለክተው «በዛ» ብለው ንፋስ አያስወጡ፤ ጠዋት ላይ ጎድሎ ያገኙታል።

መለኪያውን ቫልቩ ላይ ሲያደርጉ ቀጥ አድርገው፣ ጠበቅ አድርገው ይጫኑት። መጀመሪያ አጭር «ጭስ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ወዲያው መቆም አለበት። ድምፁ ከቀጠለ መለኪያው ዘሟል፤ የሚያዩት ቁጥርም ከእውነቱ ያነሰ ነው። አነሳስተው እንደገና ይለኩ። ሁለት ጊዜ ለክተው አንድ ዓይነት ቁጥር ካላገኙ ያንን ቁጥር አይመኑት።

ስኮርታውን አይርሱ። በአንዳንድ መኪኖች ላይ፣ በተለይ ስኮርታው ሙሉ መጠን ያለው ሲሆን፣ አምስተኛ ሴንሰር እዚያ ውስጥ አለ። አራቱ ጎማዎች ልክ ሆነው መብራቷ እምቢ ስትል ዕዳው ከኋላ ተደብቆ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። በአሜሪካ ሕግ መብራቷ የምትበራው ግፊቱ ከልኩ 25 በመቶ ሲጎድል ነው። ልኩ 32 ከሆነ፣ 24 እስኪደርስ ዝም ብትል ሕጉ ይፈቅድላታል ማለት ነው። 27 ላይ ያለ ጎማ በደንብ ጎድሏል፤ መብራት ግን ላይኖር ይችላል። ስለዚህ መብራቷ ጠፍታለች ማለት ጎማዎቹ ልክ ናቸው ማለት አይደለም። ወር በገባ ቁጥር መለካትን ሴንሰር አያስቀርም።

ከሞሉ በኋላ መብራቷ እዚያው ቆመው ላትጠፋ ትችላለች። ብዙ ሴንሰሮች መኪናው ሲቆም ይተኛሉ፤ ባትሪ ለመቆጠብ። ጎማው መሽከርከር ሲጀምር ነው ነቅተው የሚያወሩት። ለ10 ወይም ለ20 ደቂቃ ይንዱ። በርታ የምትቀረው ዓይነት ከነበረችና አሁን ከጠፋች የንፋሱ ሥራ አልቋል። ስለ ሴንሰር የሚያወሩት 5ኛውና 6ኛው ደረጃ ለእርስዎ አይደሉም።

3. መኪናዎ የትኛው ዓይነት ነው?

የጎማ ንፋስ የሚቆጣጠሩ ሥርዓቶች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ቀጥታ ይለካል፤ በየቸርኬው ውስጥ ከቫልቩ ጋር የተያያዘ ትንሽ ሴንሰር አለ፣ ግፊቱን በሬዲዮ ሞገድ ለመኪናው ኮምፒውተር ይልካል። ሁለተኛው በቀጥታ አይለካም፤ ጎማው ውስጥ ምንም የለም። ንፋስ የጎደለው ጎማ ዙሪያው በጥቂቱ ስለሚያንስ ከሌሎቹ ፈጠን ብሎ ይሽከረከራል። የኤቢኤስ ፍሬን (ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ሴንሰሮች ያንን ልዩነት ያያሉ፣ ኮምፒውተሩም «አንዱ ወርዷል» ይላል።

ዳሽቦርዱ ላይ የየጎማውን ግፊት በቁጥር ማየት ከቻሉ መኪናዎ የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ነገሩ አለቀ። ቁጥር ካላሳየ ግን ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ቫልቩ ብረት ሆኖ ግርጌው ላይ ዳዶ ካለው ውስጡ ሴንሰር ሳይኖር አይቀርም። ቫልቩ የላስቲክ መሆኑ ግን ሴንሰር የለም ለማለት አይበቃም፤ የላስቲክ ቫልቭ ያላቸው ሴንሰሮችም አሉ። ሪሴት ቁልፍ መኖሩም ማረጋገጫ አይሆንም። እርግጡን የሚነግርዎ ከመኪናው ጋር የመጣው መጽሐፍ ነው፤ ጓንት ማስቀመጫው ውስጥ ሳይነካ ተኝቶ ሊሆን ይችላል።

4. ሴንሰር የሌለው ዓይነት ከሆነ

ይሄኛው ቀላል ነው። ጎማ በተቀየረ፣ በተዘዋወረ ወይም በተነፋ ቁጥር ሥርዓቱ አዲሱን ሁኔታ እንደገና መማር አለበት።

ሁሉንም ጎማ በቀዝቃዛው ወደ ልኩ ያምጡ። መኪናውን ያቁሙ፣ የመኪናውን ቁልፍ ኦን ላይ ያድርጉ። የሪሴት ቁልፉ ያለበት ቦታ እንደየመኪናው ነው፦ ከመሪው በስተግራ ታች፣ ወይም በስክሪኑ ማስተካከያ ውስጥ። ብዙ ቮልስዋገኖች «ሴት» የሚል ቁልፍ ወይም በስክሪኑ ውስጥ ምርጫ አላቸው። መብራቷ ሁለት ሦስት ጊዜ ብልጭ እስክትል ወይም ማረጋገጫ ጽሑፍ እስኪመጣ ተጭነው ይያዙ። ከዚያ ይንዱ። ትምህርቱ የሚያልቀው ቁልፉን በተጫኑበት ቅጽበት አይደለም፤ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ በተለያየ ፍጥነት መነዳት ይፈልጋል።

ማስጠንቀቂያው አንድ ነው፤ ንፋሱን ሳያስተካክሉ ሪሴት አያድርጉ። መኪናው በዚያ ሰዓት ያለውን ሁኔታ «ትክክል» ብሎ ነው የሚመዘግበው። 24 ላይ ባለ ጎማ ሪሴት ካደረጉ፣ 24ን ልክ ነው ብለው አስተማሩት፤ ከዚያ በጣም እስኪወርድ ድረስ አይጮህም። እና ደግሞ ሁለት አዲስ፣ ሁለት ጥርሱ ያለቀ ጎማ ከተቀላቀለ የዙሪያው ልዩነት ሥርዓቱን ሊያምታታው ይችላል። ሪሴት አድርገው ከተመለሰች መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይሄ ነው።

5. ሴንሰር ያለው ዓይነት ከሆነ፦ ሴንሰሮቹ የት ናቸው?

ጣጣው ያለው እዚህ ነው። መብራቷ ብልጭ ድርግም እያለች ከሆነ፣ ሌላ ነገር ከመንካትዎ በፊት ጎሚስታውን አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ «ወንድሜ፣ ከድሮው ቸርኬ ላይ ሴንሰሮቹን ፈተህ አዙረሃቸዋል?» አዲስ ቸርኬ ሲገዛ በአብዛኛው ሴንሰር አብሮ አይመጣም፤ ካልተነገረው ደግሞ ተራ የላስቲክ ቫልቭ ገጥሞ ሊያስረክብዎ ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ሴንሰሮችዎ ከድሮዎቹ ቸርኬዎች ጋር ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ቸርኬዎቹን ሸጠው ከሆነ ደግሞ አብረው ሸጠዋቸዋል።

ጎማ ብቻ ተቀይሮ ቸርኬው የድሮው ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ስብራት ይሄዳል። ሴንሰሩ ከቫልቩ ሥር፣ ከቸርኬው ገጽ ጋር ተጣብቆ ነው የሚቀመጠው። ጎማውን ከቸርኬው የሚያላቅቀው የማሽን ክንድ በቫልቩ አጠገብ ከተጫነ ሴንሰሩን ቀጭ አድርጎ ይሰብረዋል። ጥንቁቅ ጎሚስታ ክንዱን ከቫልቩ ራቅ አድርጎ ነው የሚያስገባው። ጎማው ሲወልቅም ሲገባም የቫልቩ ቦታ እያየ ያዞረዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ሥራው ከመጀመሩ በፊት «ሴንሰር አለው» ብለው ይንገሩት፤ ብዙ ያተርፍልዎታል።

ሦስተኛው ጥርጣሬ ዕድሜ ነው። የሴንሰሩ ትንሽ ሊቲየም ባትሪ በአብዛኛው ከ5 እስከ 10 ዓመት ይቆያል። ከሴንሰሩ ጋር ታሽጎ ስለሚሠራ ባትሪው ብቻ አይቀየርም፤ ሙሉው ሴንሰር ነው የሚቀየረው። አንዱ በዕድሜ ከሞተ የተቀሩት ሦስቱ ተከታትለው መሄዳቸው አይቀርም። አራቱንም ጎማ እየቀየሩ ባለበት ቀን ሴንሰሮቹም አሥር ዓመት ከሞላቸው፣ አብሮ መቀየሩን እኔ እመርጣለሁ። ጎማውን ለአንድ ሴንሰር ብሎ ደግሞ ማስፈታት ድካሙ አይጣል ነው።

አራተኛው ደግሞ የማይገጥም ሞገድ ነው። ሴንሰሮች በብዛት በ315 ወይም በ433 ሜጋኸርዝ ነው የሚያስተላልፉት። ለሰሜን አሜሪካ ገበያ የተሠሩ ብዙ መኪኖች 315ን ይጠቀማሉ፤ የአውሮፓዎቹ 433ን። ያው ሞዴል፣ ያው ዓመት ሆኖ ለተለያየ አገር ሲሠራ ሞገዱ ሊለያይ ይችላል። መልኩ ተመሳስሎ፣ በቸርኬው ላይም ልክ ገብቶ፣ መኪናው ግን ጨርሶ የማይሰማው ሴንሰር አለ። ስለዚህ ሲገዙ በሞዴል ስም ብቻ አይግዙ፤ አሮጌው ሴንሰር ላይ የተጻፈውን ሞገድና የዕቃ ቁጥር ይዘው ይሂዱ።

6. መኪናውን ከሴንሰሮቹ ጋር ያስተዋውቁ

እያንዳንዱ ሴንሰር የራሱ መለያ ቁጥር አለው። መኪናው የሚሰማው የተመዘገቡለትን ቁጥሮች ብቻ ነው፤ አለዚያ አጠገብዎ የቆመውን መኪና ጎማ የእርስዎ ነው ብሎ ይጮህ ነበር። አዲስ ሴንሰር ማለት አዲስ ቁጥር ነው፣ መመዝገብ አለበት። መንገዱ ሦስት ነው፤ የትኛው እንደሚሠራ የሚወስነው የመኪናው አምራች ነው።

በመንዳት ራሱ የሚማር አለ። መኪናው ሩብ ሰዓት ያህል ቆሞ ይቆይ፣ ከዚያ ከ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ለሃያ ሠላሳ ደቂቃ ይነዳ። ብዙዎቹ በዚህ ሴንሰሮቹን ይመዘግባሉ። ቀጥ ያለ መንገድ ይመረጣል፤ በትራፊክ ጭንቅንቅ ውስጥ ቆም ሄድ ማለት ትምህርቱን ያጓትተዋል።

ሁለተኛው በእጅ የሚደረግ ነው። መኪናው መማሪያ ሁኔታ ውስጥ ይገባል፤ ሴንሰሩን የሚቀሰቅስ አነስተኛ መሣሪያ በየጎማው ጎን፣ ቫልቩ አካባቢ ይጠጋል። በብዙ የጀነራል ሞተርስ መኪኖች ቅደም ተከተሉ ከግራ ፊት ይጀምራል፣ ወደ ቀኝ ፊት፣ ቀኝ ኋላ፣ በመጨረሻ ግራ ኋላ። አንዱ ሲመዘገብ መኪናው ክላክስ ያሰማል። ተራውን ካሳቱ መኪናው ፊት ያለውን ኋላ ነው ብሎ ይመዘግባል፤ መብራቷ ትጠፋለች፣ ነገር ግን አንድ ቀን «ግራ ኋላ ወርዷል» ሲልዎት የወረደው ሌላው ጎማ ይሆናል።

ሦስተኛው በስካነር፣ ማለትም ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር በሚነጋገር መሣሪያ ነው፤ ከመሪው ሥር ባለው የኦቢዲ (የምርመራ) መሰኪያ በኩል ቁጥሮቹ ወደ ኮምፒውተሩ ይጻፋሉ። ብዙ ቶዮታዎች በዚህ መንገድ ናቸው። የቶዮታው ሪሴት ቁልፍ ሰዎችን የሚያሳስተውም እዚህ ላይ ነው፤ ቁልፉ የግፊቱን መነሻ ያስተካክላል እንጂ አዲስ ሴንሰር አይመዘግብም። ቀኑን ሙሉ ቢጫኑት አይሠራም።

ለዚህ መንገድ ትንሽ ብልሃት አለች። ጎማው ቸርኬው ላይ ከመግባቱ በፊት የየሴንሰሩን ቁጥር በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ የቁጥርና የፊደል ድብልቅ ሆኖ ሴንሰሩ አካል ላይ ተጽፏል። የትኛው በየትኛው ጎማ እንደገባም ይያዙ። ስካነሩ ሴንሰሩን ማንበብ ቢያቅተው ቁጥሩን በእጅ ማስገባት ይቻላል። ፎቶው ከሌለ ጎማውን እንደገና መፍታት ነው።

ከምዝገባ የሚገላግል አማራጭም አለ። ሁሉን ዓቀፍ የሚባሉት ሴንሰሮች ባዶ ሆነው ነው የሚመጡት፤ በመሣሪያ የድሮውን ሴንሰር ቁጥር ቀድቶ መጻፍ ይቻላል። መኪናው ልዩነቱን አያውቅም፣ የሚመዘግበው አዲስ ነገርም የለም። ሁለት ስብስብ ቸርኬ ለሚያቀያይሩ ሰዎች እኔ የምመክረው ይሄንን ነው። አንዱን ስብስብ እየተጠቀሙ ሌላውን ግን መኪናው አጠገብ አያቁሙት፤ አንድ ቁጥር ከሁለት ቦታ ሲሰማ ይደናገራል።

7. ስለ ቫልቩ ጥቂት

ሴንሰሩ ደህና ሆኖ ጎማው ቀስ እያለ የሚተነፍስ ከሆነ ቫልቩን ይጠርጥሩ። ሴንሰር ከቸርኬ በተፈታ ቁጥር ትንሿ የጎማ ማሸጊያ፣ ዳዶው እና የቫልቩ እምብርት (ንፋሱ እንዳይወጣ የሚይዘው የውስጥ ክፍሉ) ቢቀየሩ ይመረጣል፤ በአንድ ላይ ታሽገው ይሸጣሉ። የአሉሚኒየም ቫልቭ ውስጥ ተራ የነሐስ መልክ ያለው እምብርት አይገባም፤ ሁለቱ ብረቶች እርጥበት ሲያገኙ ይበላላሉ፣ ከጊዜ በኋላም አንድ ላይ ተጣብቀው አይፈቱም። ኒኬል የተቀባ ይሁን። ክዳኑም ፕላስቲክ ይሁን። የሚያብረቀርቁት የብረት ክዳኖች ሲያምሩ ያምራሉ፤ ዝገው ሲጣበቁ ግን ክዳኑን ለመፍታት ሲታገሉ ቫልቩ ተሰብሮ ይመጣል። የሳሙና አረፋ ቫልቩ ዙሪያ ቀብተው አረፋው እየተነፋ ከመጣ የሚያፈሰው እዚያ ነው።

8. አቋራጭ የሚነግርዎትን አይስሙ

«አምፖሉን ነቅለን እንገላገል» የሚል አይጠፋም። መብራቷ ላይ ጥቁር ፕላስተር የሚለጥፍም አለ። ከሁሉ የሚገርመው ግን አራቱን ሴንሰሮች በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሽጎ፣ ቱቦውን 32 ነፍቶ ኋላ ሻንጣ ውስጥ የሚያስቀምጠው ነው። እውነት ነው መብራቷ ትጠፋለች። መኪናው ዕድሜ ልኩን የቱቦውን ንፋስ እየለካ «ሁሉም ልክ ነው» ይላል፤ ጎማው መሬት ላይ ተኝቶ እንኳ። በዚያ ላይ ለግፊት ያልተሠራ ፕላስቲክ ሙቀት ውስጥ ተነፍቶ መቀመጡ ራሱ አደጋ ነው። ሴንሰር መግዛት ካልፈለጉ በርታ ትቆይ፤ ቢያንስ አትዋሽም። ንፋሱን በእጅ መለካት ግን የእርስዎ ሥራ ይሆናል።

9. አሁንም እምቢ ካለች

ንፋሱ ልክ ነው፣ ሴንሰሮቹ አሉ፣ ተመዝግበዋል፣ መብራቷ ግን ትንቀጠቀጣለች። ከዚህ በኋላ በግምት ዕቃ መቀየር አያስፈልግም። የሴንሰር መፈተሻ መሣሪያ ያለው ቤት ይሂዱ፤ መሣሪያው እያንዳንዱን ጎማ አንድ በአንድ ቀስቅሶ ግፊቱን፣ ቁጥሩን፣ የባትሪውንም ሁኔታ ያነባል። ጎማ መፍታት አያስፈልገውም። አራቱም የሚያወሩ ከሆነ ጥፋቱ ተቀባዩ ላይ ወይም ሽቦው ላይ ነው፤ ያ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጉዳይ ነው።

ጠዋት ጠዋት ብቻ በርታ፣ ከተነዳ በኋላ የምትጠፋ ከሆነ ግን ከሴንሰር ጋር ጉዳይ የላትም። የአየሩ ሙቀት በ5 ወይም በ6 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ የጎማው ግፊት ወደ 1 ፒኤስአይ ገደማ ይቀንሳል። ጎማው አፋፍ ላይ ስለነበር ብርዱ ገፋው። በቀዝቃዛው ሰዓት ለክተው ወደ ልኩ ይሙሉት።

መብራቷ እየነዱ ሳለ በርታ መኪናው ወደ አንድ ጎን ከሳበ ወይም መሪው ከከበደ ምርመራውን ይተዉት። ፍጥነት ቀንሰው፣ ፍሬቻ አሳይተው፣ ደህና ቦታ ላይ ይቁሙና ጎማዎቹን በዓይን ይዩ።

ቸርኬ ስለተፈታ ደግሞ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ ዳዶዎቹን በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) ያስፈትሹ፤ ልኩ መጽሐፉ ላይ አለ። የተገዛው ቸርኬ ከፋብሪካው የተለየ ከሆነ የዳዶው መቀመጫ ቅርጽ፣ ሾጣጣ ወይም ክብ ወይም ጠፍጣፋ መሆኑ፣ ከቸርኬው ቀዳዳ ጋር መግጠሙን ያኔውኑ ያረጋግጡ።